ዓሣና መድኃኒት የተላመዱ ተሕዋስያን፦ ከበረዶው ሣጥን እስከ ምጣዱ፣ ለሰሜን ሸዋ ወጥ ቤቶች

ከወሎዋ ሐይቅ ከተማ የተጫነ ዓሣ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴንና አጣዬን አልፎ፣ የሸዋ ሮቢትን ሐሩር አቋርጦ፣ የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዝዋይ የሚመጣውም በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ የሚያልፈው መንገድ ከዚህ ብዙም አያንስም። ስለዚህ እዚህ ዓሣ ገዝቶ የሚያበስል ሰው ከሐይቅ ዳር ነዋሪ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ይህ መመሪያ በቤቱ ለሚያበስል፣ ምግብ ቤት ለከፈተ፣ ዓሣ ለሚቸረችርና በቆላው ኩሬ ቆፍሮ ለሚያረባ የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝ። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ እሳትን አልተላመደም። አሞክሲሲሊን፣ ቴትራሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የማይነኩት ሳልሞኔላ፣ የዓሣው መሐል 70 ዲግሪ ሲደርስ እንደማንኛውም ሳልሞኔላ ይሞታል። በሳሙና ይታጠባል፣ በበረኪና ይሞታል፣ በበረዶ መራባቱ ይገታል። ልዩነቱ የሚታየው ሰው ከታመመ በኋላ ነው፤ ያኔ የተለመደው ክኒን አይሠራም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ያለው ከመታመም በፊት፣ በሣጥኑ፣ በመክተፊያውና በምጣዱ ላይ ነው።

ዓሣ ላይ የሚገኙት እነማን ናቸው?

ጎጂዎቹን በመነሻቸው ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። አንዳንዶቹ የውሃው ነዋሪዎች ናቸው። ኤሮሞናስ ንጹሕ በሚመስል ሐይቅና ወንዝ ውስጥም ይኖራል፤ የዚህ ዘመድ የሚመስለው ቪብሪዮ ደግሞ ይበልጡን የባሕር ውሃና የባሕር ዳርቻ ነው። ሊስቴሪያ በአፈርም በውሃም ይገኛል፤ የሚያስፈራው ጠባዩ ፍሪጅ ውስጥም ቀስ እያለ መራባቱ ነው። ለነፍሰ ጡር ሴት ከሁሉ የከፋው እሱ ነው፤ ፅንስ እስከማስወረድ ይደርሳል።

ሌሎቹ ከሰውና ከእንስሳት አንጀት የሚመጡ ናቸው፦ ሳልሞኔላ፣ ሽጌላ፣ ኢ. ኮላይ። የዓሣ አንጀት የተፈጥሮ ቤታቸው አይደለም። ዓሣ ላይ ከተገኙ ወይ ዓይነ ምድርና ፍግ ውሃው ውስጥ ገብቷል፣ ወይ ዓሣውን ያጠቡት በቆሸሸ ውሃ ነው፣ ወይ የበለተው ሰው እጁን አልታጠበም። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ደግሞ ከሰው አፍንጫና ከቆሰለ እጅ ይመጣል።

እዚህ ላይ «እሳት ይገድላል» ያልነው ሁለት ገደብ እንዳለው ይታወቅ። ስታፊሎኮከስ ምግቡ ላይ ተራብቶ መርዙን ካመረተ በኋላ ማፍላት ባክቴሪያውን እንጂ መርዙን አያጠፋም። ቱናና መሰል የባሕር ዓሦች ያለ በረዶ ሲቆዩ የሚፈጠረው ሂስታሚንም በማብሰልም በጣሳ በማሸግም አይጠፋም። ሁለቱም የሚመጡት ዓሣው ሙቀት ላይ ሲቆይ ስለሆነ መከላከያቸው ብርድ ነው።

ስለ ሽታም አንድ ስህተት አለ። ዓሣን የሚያሸቱት የሚያበላሹት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የሚያሳምሙት ግን ሌሎች ናቸው። የሸተተ ዓሣ ይጣላል፣ ያልሸተተ ሁሉ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ሳልሞኔላ ሽታም ቀለምም የለውም።

መድኃኒት መላመድ ዓሣ ላይ እንዴት ይደርሳል?

ባክቴሪያ መድኃኒትን የሚያመልጠው በጥቂት መንገዶች ነው። አንዱ መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም ማምረት ነው፤ ፔኒሲሊንና አሞክሲሲሊንን የሚያከሽፈው ቤታ ላክታሜዝ እንዲህ ያለ ነው። ሌላው የገባውን መድኃኒት መልሶ ማስወጣት ነው፤ ቴትራሳይክሊን ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በዚህ ነው። መድኃኒቱ የሚያርፍበትን የራሱን ክፍል ቅርጽ የሚለውጥም አለ፤ መድኃኒቱ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚያጠብም አለ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበው ይህ ችሎታ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ መተላለፉ ነው። ፕላዝሚድ የሚባል ትንሽ የዘረ መል ቀለበት አለ፤ አንዱ ባክቴሪያ ቅጂውን ለሌላው፣ ዘመዱ ላልሆነውም ጭምር፣ ይሰጣል። አንድ ፕላዝሚድ ላይ የ3 ወይም የ4 መድኃኒት መቋቋሚያ አንድ ላይ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ደግሞ ውሃ ምቹ ቦታ ነው። ከሆስፒታል የወጣ ፍሳሽ፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ መድኃኒት የጠጡ ዶሮዎችና ከብቶች ፍግ እዚያ ይገናኛሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲንን ለመቋቋም ከሚያግዙት ዘረ መሎች አንዱ መነሻው ሸዋኔላ አልጊ የተባለ የውሃ ባክቴሪያ እንደሆነ ተረጋግጧል፤ ከውሃ ተነሥቶ ሰውን የሚያሳምሙት ውስጥ ገባ።

እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ የዋጠ ሰው ወዲያው ላይታመም ይችላል። ባክቴሪያው አንጀት ውስጥ ለሳምንታት ተቀምጦ ፕላዝሚዱን እዚያ ለሚኖረው ኢ. ኮላይ ያቀብላል። ከወራት በኋላ ያ ኢ. ኮላይ የሽንት ቧንቧ ሲያሳምም የታዘዘው ክኒን አይሠራም፤ ማንም ነገሩን ከዓሣ ጋር አያያይዘውም። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ያሳያል።

አገዛዝ

ከተቻለ ዓሣውን ሙሉውን ይግዙ። ፊሌቶ ሲገዙ ዓይንም ስንጥብም የለም፤ ሁለቱን ትልልቅ ምስክሮች አጥተዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ የፊሌቶ ሥጋ የብዙ ሰው እጅና ቢላ ነክቶታል።

ሙሉ ዓሣ ሲመርጡ ስንጥቡን ገልጠው ይመልከቱ፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ጥሩ፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ የሚያዝለገልግ ከሆነ ይተውት። ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ ይሁን፤ የጎደጎደና ነጭ ደመና ያጠላበት አርጅቷል። ጀርባውን በጣት ሲጫኑት ሥጋው ተመልሶ መነሣት አለበት። ሆዱ የተነፋ ወይም የተቀደደ ከሆነ የአንጀቱ ባክቴሪያ ወደ ሥጋው ገብቷል። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለውና በተፈጥሮው ስለሚያዝለገልግ የላይኛው ቆዳው ብዙ አይነግርም፤ እሱን በስንጥቡና በሥጋው ጥንካሬ ይመዝኑት።

ከዓሣው እኩል ሣጥኑን ይመርምሩ። በረዶው ከላይም ከታችም አለ? የቀለጠው ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ አለው ወይስ የታችኞቹ ዓሦች በደም ውሃ ተዘፍቀዋል? በአንድ ባልዲ ውሃ ሃያ ዓሣ የሚያጥብ ሻጭ የአንዱን ዓሣ ባክቴሪያ ለሃያው እያካፈለ ነው። እንዲህ ካዩ «ሳታጥበው ስጠኝ» ብለው ቤትዎ ይጠቡት።

በረዶና መንገድ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች «እዚህ ብርድ ነው፣ ዓሣ አይበላሽም» ሲባል ይሰማል። ይህ አባባል ብዙ ሰው ያሳምማል። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ቀን ግን አየሩ ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል፣ ምድጃ ያለበት ወጥ ቤት ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ዓሣ የሚፈልገው ለሰው የሚበርደውን ብርድ ሳይሆን 0 ዲግሪ አካባቢ ያለውን፣ የሚቀልጥ በረዶ ብርድ ነው። በዓሣ ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ስሌት አለ፦ ዓሣ በ5 ዲግሪ ሲቀመጥ በ0 ዲግሪ ከሚቀመጠው 2 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ይበላሻል፣ በ10 ዲግሪ 4 እጥፍ፣ በ20 ዲግሪ 9 እጥፍ ግድም። በ20 ዲግሪ አንድ ቀን የዋለ ዓሣ በበረዶ 9 ቀን እንደከረመ ይቆጠራል።

ለመንገድ የሚበቃው በረዶ 1 ኪሎ ለ1 ኪሎ ዓሣ ነው። በ25 ዲግሪ ያለን 1 ኪሎ ዓሣ ወደ 0 ለማውረድ ብቻ ሩብ ኪሎ ግድም በረዶ ይቀልጣል፤ ቀሪው በመንገድ ከውጭ የሚገባውን ሙቀት ለመመከት ነው። ሩብ ኪሎ ብቻ ጭኖ የሚመጣ ሰው አጣዬ ላይ በረዶው አልቆበታል፣ ከዚያ በኋላ ሸዋ ሮቢት አለ። አደራደሩ እንዲህ ነው፦ ከታች የእጅ ስፋት ያህል የተከሰከሰ በረዶ፣ በላዩ አንድ ረድፍ ዓሣ ሆዱ ወደ ታች፣ እንደገና በረዶ፣ በመጨረሻ ከላይ ወፍራም በረዶ። ሆዱ የተጸዳ ዓሣ ወደ ታች የሚደረገው የቀለጠው ውሃ ሆዱ ውስጥ እንዳይጠራቀም ነው። ትልልቅ የበረዶ ድንጋይ ሥጋውን ስለሚጨፈልቅና ዓሣው ላይ በደንብ ስለማያርፍ ይከስክሱት። በረዶው ከሚጠጣ ውሃ የተሠራ ይሁን። ባክቴሪያ በቅዝቃዜ አይሞትምና ከወንዝ ውሃ የተሠራ በረዶ ራሱ በሽታ ይዞ ይመጣል።

በረዶ ሻጭ በሌለበት፣ ለምሳሌ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ ሲወሰድ፣ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙሶች ላይ ውሃ ሞልቶ (አንገቱን ጎደል አድርጎ፣ ሲረጋ ይሰፋልና) ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ይቻላል። ጠርሙሱ እንደ ተከሰከሰ በረዶ ዓሣውን ባያቅፈውም ውሃው ስለማይፈስ ሣጥኑ ደረቅ ይሆናል። ዓሣውን በላስቲክ ጠቅልለው በጠርሙሶቹ መሐል ይደርድሩት።

ቤት ሲደርስ በ2 ቀን ውስጥ የሚበስለውን ብቻ ፍሪጅ ውስጥ፣ በክዳን ዕቃ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ። ከላይ ከሆነ ደሙ ሰላጣና ፍራፍሬ ላይ ይንጠባጠባል። ቀሪውን ዕለቱን ያቀዝቅዙት። መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ፤ ያልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት፣ ሙሉ ዲፕ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ ብቻ የሞላ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ብርዱን ይይዛል።

አስተጣጠብ፣ መክተፊያና በረኪና

አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ዓሣው ራሱ በኋላ ይበስላል፣ ደሙ የነካው ሰላጣና እንጀራ ግን አይበስልም። ዓሣ በልተው የታመሙ ሰዎች ያሳመማቸው ዓሣው ሳይሆን ከጎኑ የቀረበው ቃሪያና ቲማቲም ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ሰላጣው፣ ሎሚው፣ አዋዜውና እንጀራው ተዘጋጅቶ ተከድኖ ይቀመጥ። ጥሬ ዓሣ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅርፊቱን ሲፈቀፍቁ ከጅራት ወደ ራስ፣ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ይሁን፤ የሚፈናጠረው ቅርፊትና ውሃ እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል። ሆዱን ሲቀዱ የቢላው ጫፍ አንጀቱን እንዳይወጋ ስለቱን ወደ ውጭ ያድርጉ። አንጀቱ ከተቀደደ ያንን ቦታ በሚፈስ ውሃ ወዲያው ያጥቡት። ሆድ ዕቃውን ለውሻና ለድመት ጥሬውን አይስጡ፤ ይቀበር ወይም ይቀቀል።

ለጥሬ ዓሣ አንድ መክተፊያና ቢላ ለብቻ ይለዩ። ቀለም በመቀባት ወይም እጀታው ላይ ክር በማሰር ምልክት ያድርጉበት። ብዙ ሠራተኛ ባለበት ምግብ ቤት ምልክት ከሌለ ልዩነቱ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። የተሰነጣጠቀ የእንጨት መክተፊያ ስንጥቁ ውስጥ ባክቴሪያ ስለሚይዝ ይጣል።

ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ በሙቅ ውሃና ላርጎ ይታጠብ፣ ይለቅለቅ፣ ከዚያ በረኪና ይከተል። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። ደምና ስብ በረኪናውን ስለሚበሉት በቆሸሸ መክተፊያ ላይ የፈሰሰ በረኪና ሥራ አይሠራም። መጠኑ፦ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ ለ1 ሊትር ውሃ 4 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ጎደል ያለ 1 የሻይ ማንኪያ። መክተፊያው ላይ 2 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ አየር ላይ ይድረቅ። የተበጠበጠው በማግስቱ ኃይሉን ስለሚያጣ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። የዓሣ ሽታ ለማጥፋት ሎሚ ወይም አቼቶ ከበረኪና ጋር መቀላቀል ግን አደገኛ ነው። ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሎሚ ከፈለጉ በረኪናው በውሃ ተለቅልቆ ካለቀ በኋላ ይሁን። ዓሣውን ራሱን በረኪና ውስጥ መንከርም አያስፈልግም።

የወጥ ቤት ጨርቅን አይርሱ። ጥሬ ዓሣ የጠረገ ጨርቅ እጅ ማድረቂያ ሲሆን ከላይ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ነው። እጅ በሳሙና 20 ሰከንድ ይታሸት፣ ጥፍር ሥር ጭምር። ተቅማጥ የያዘው ወይም እጁ ላይ ያመረቀዘ ቁስል ያለው ሠራተኛ በዚያ ሰሞን ዓሣም ሰላጣም አይንካ።

ማብሰል

የምግብ ቴርሞሜትር ካለ ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ አጥንት ሳይነካ ይሰካ፤ 70 ዲግሪ ካነበበ በቅቷል። ከሌለ ቢላ በአከርካሪው አጥንት ጎን አስገብተው ገለጥ ያድርጉት። ሥጋው ብርጭቆ መሰል መልኩን ትቶ ነጭ ከሆነ፣ በቀላሉ ከአጥንቱ ከተላቀቀና አጥንቱ ሥር ቀላ ያለ ነገር ከሌለ በስሏል።

ሙሉ ቆሮሶ ሲጠበስ በሁለቱም ጎን እስከ አጥንቱ የሚደርስ 3 ወይም 4 ብጣት ይበጣ። ሳይበጣ የሚጠበስ ወፍራም ዓሣ ውጩ ሲያር መሐሉ ጥሬ ይቀራል። ከበረዶ የወጣ ዓሣ ሳይቀልጥ ዘይት ውስጥ ሲገባም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ከዋዜማው ፍሪጅ ውስጥ አሳድረው ያቅልጡት። መደብ ላይ ወይም ፀሐይ ላይ ማቅለጥ ውጩን ለባክቴሪያ አሙቆ መሐሉን በረዶ ይተወዋል።

ለጉላሽና ለሾርባ አንድ የደጋ ጉዳይ አለ። ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ግድም ነው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 96 ዲግሪ ያህል። 90 ዲግሪም ሳልሞኔላን፣ ኢ. ኮላይንና ሊስቴሪያን በደንብ ይገድላል፤ ቁራጮቹ ግን እስከ መሐላቸው ለመብሰል ትንሽ ይቆያሉ። መረቁ ከገነፈለ በኋላ ድስቱ ተከድኖ ቢያንስ 5 ደቂቃ፣ ቁራጩ ወፍራም ከሆነ 10 ደቂቃ ይንተክተክ።

ለብለብና ጥሬ ዓሣ የሚወዱ ብዙ ናቸው። ሎሚ ሥጋውን ነጭ ስለሚያደርገው የበሰለ ያስመስለዋል፤ የሚለወጠው ግን ሥጋው ነው እንጂ ባክቴሪያው አይሞትም። ሚጥሚጣም ዳጣም አይገድሉትም። ዓሣውን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በበለጠ በሚቀዘቅዝ ዲፕ ፍሪዘር 7 ቀን ማቆየት በሥጋው ውስጥ ያሉትን ትሎች ይገድላል፣ ባክቴሪያውን ግን ያስተኛዋል እንጂ አይገድልም። ስለዚህ ምክራችን ግልጽ ነው፦ ጥሬ ዓሣ አይበላ። ነፍሰ ጡር፣ ከ5 ዓመት በታች ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ የጉበት ሕመምተኛና የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰውማ ለብለቡንም ፈጽሞ አይቅመስ።

የጾም ቀን ችግር

ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የየሰው የእምነት ጉዳይ ነው። የሚበላበት ቤት ግን በሁዳዴ አንድ ተደጋጋሚ ስህተት አለ። ዓሣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተጠብሶ ወይም ጉላሽ ሆኖ ይከደናል፣ ቤተሰቡ ከቅዳሴ ወጥቶ 9 ሰዓት ላይ ይበላል። መሐሉ 7 ሰዓት ነው። ለባክቴሪያ ምቹ በሆነ ሙቀት አንዱ በ20 ደቂቃ ሁለት ይሆናል፤ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን ያልፋል። በደብረ ብርሃን ብርድ ይዘገያል፣ በሸዋ ሮቢት ግን አይዘገይም፤ የተከደነ ድስትም የትም ቢሆን ሙቀቱን ለሰዓታት ይይዛል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጠዋት ዓሣውን አጽድተውና ቅመሙን ቀብተው ፍሪጅ ውስጥ ይተዉት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይጥበሱት፤ ጥብስ የሚፈጀው ጊዜ ትንሽ ነው። ቀድሞ መብሰል ካለበት ደግሞ ወዲያው በሰፋፊና ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍለው በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡት፤ ሊበላ ሲል እንፋሎቱ እስኪወጣ፣ መሐሉ እስኪያቃጥል ያሙቁት። ሁለት ጊዜ አይሞቅ።

የቱና ጣሳ ያበጠ፣ የሚያንጠባጥብ ወይም መጋጠሚያው የተጨረመተ ከሆነ ሳይቀመስ ይጣል። የተከፈተ ቱና ወደ ሌላ ክዳን ዕቃ ተገልብጦ ፍሪጅ ውስጥ 2 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ በላይ አይበላ። ምላስን እንደ ቃሪያ ካቃጠለ መትፋት ነው፤ ሂስታሚን ሊሆን ይችላል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ፊት ካቀላና ራስ ከፈለጠ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ይህ በአንቲባዮቲክ የሚድን በሽታ አይደለም።

ከታመሙስ?

ትውከቱ የመጣው ከበሉ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ከሆነ የስታፊሎኮከስ መርዝ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ መርዝን አንቲባዮቲክ አያክመውም። ሳልሞኔላ ከ6 ሰዓት እስከ 3 ቀን ይቆያል። ጤነኛ ሰው ላይ ቀላል የሳልሞኔላ ተቅማጥ በራሱ ይሻላል፤ አንቲባዮቲክ ሕመሙን አያሳጥርም፣ ባክቴሪያው ከሰውነት የሚወጣበትን ጊዜም ሊያራዝም ይችላል። ስለዚህ ከመሳቢያ ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን ወይም ሲፕሮ መዋጥ ጥቅም የለውም። ጉዳቱ ግን አለ፦ ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ ሜዳውን መድኃኒት ለለመዱት ይለቃል።

የሚያስፈልገው ውሃ መተካት ነው። 1 ከረጢት ኦ አር ኤስ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይበጥበጥ፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። ከረጢቱ ከሌለ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር ውሃ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከፍ ላለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጠው፤ ጡት አይቋረጥ። ለሕፃናት ዚንክም ይሰጣል፤ ከ6 ወር በላይ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች 10 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን።

ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ከ38.5 ዲግሪ የሚያልፍ ትኩሳት፣ የጎደጎዱ ዓይኖች፣ ሽንት ማጣት፣ ከ3 ቀን ያለፈ ተቅማጥ፣ ወይም ትኩሳት የያዛት ነፍሰ ጡር ካለች ፋርማሲ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እዚያ ሲደርሱ ሁለት ነገር ይናገሩ፦ ምን ዓሣ፣ መቼ እንደበሉ፤ ባለፉት 3 ወራት ምን አንቲባዮቲክ እንደወሰዱ። የዓይነ ምድር ካልቸር ከታዘዘ ናሙናው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ይሰጥ፤ አንድ ክኒን እንኳ ከተዋጠ ባክቴሪያው ላያድግ ይችላል። ናሙናው በንጹሕ ዕቃ፣ ሽንት ሳይቀላቀልበት፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። ላቦራቶሪው ባክቴሪያውን አሳድጎ፣ በመድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ወረቀቶች ዙሪያ ምን ያህል ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ እንደተፈጠረ ለክቶ የትኛው እንደሚሠራ ይናገራል። ይህ 2 ወይም 3 ቀን ይፈጃል፤ ውጤቱን ሳይቀበሉ አይቅሩ።

የዓሣ እሾህ ሲወጋ

አምባዛ በሁለቱ ጎን ክንፎቹ ላይ፣ ቆሮሶ ጀርባው ላይ ጠንካራ እሾህ አላቸው። የወጋዎትን ቦታ በሚፈስ ውሃና ሳሙና ለ5 ደቂቃ ያጥቡት፣ የተሰበረ እሾህ ካለ ያውጡ፣ የቴታነስ ክትባትዎን ያስታውሱ። መቅላቱ በሰዓታት ውስጥ እየሰፋ ከሄደ፣ ካበጠ ወይም ትኩሳት ካመጣ ያንኑ ቀን ይታከሙ፤ ለባለሙያውም «ዓሣ ነው የወጋኝ» ይበሉ። ይህ ቃል የመድኃኒት ምርጫውን ይለውጣል፦ ኤሮሞናስ አምፒሲሊንን በተፈጥሮው ስለሚቋቋም ለተራ ቁስል የሚሰጠው አሞክሲሲሊን ሊከሽፍ ይችላል። ዓሣ የሚበልት ሠራተኛ ወፍራም የጎማ ጓንት ያድርግ።

ኩሬ ለቆፈሩ

ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያለው ውሃ ይስማማዋል፣ ስለዚህ የሚያዋጣው በቀወት፣ በጀውሃና በመሰል ቆላዎች ነው። የዶሮ ቤትን ኩሬ ላይ ሠርቶ ኩሱ ውሃው ውስጥ እንዲወድቅ ማድረግ መኖ ይቆጥባል። ዶሮዎቹ ኦክሲቴትራሳይክሊን ከጠጡ ግን መድኃኒቱም መድኃኒት የለመደው ባክቴሪያም አብረው ይወድቃሉ። ኩሱን ወደ ኩሬ ሳይሆን ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ያድርጉት።

ዓሦቹ ማለዳ ላይ ውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያዛጉ ካዩ መድኃኒት አይፈልጉ። ሌሊቱን ኦክስጅን አልቆባቸው ነው። መኖውን ያቁሙ፣ የኩሬውን ሲሶ ውሃ ይለውጡ፣ ውሃውን ከከፍታ እያፈሰሱ ያናፍሱት፣ የሞቱትን ለቅመው ይቅበሩ። ቁስል ወይም የደም ነጠብጣብ ከታየ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ፤ የሰው ክኒን ፈጭቶ መኖ ላይ መበተን ግን ትክክለኛ መጠኑ ስለማይታወቅ መላመድን ያፋጥናል። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ቀን በደብተር ይጻፉ፤ ሥጋው ከመድኃኒቱ እስኪጠራም አይሽጡ። ለምሳሌ ኦክሲቴትራሳይክሊን በመኖ ለተሰጠው አምባዛ መሰል ዓሣ በአሜሪካ የተወሰነው የመታገሻ ጊዜ 21 ቀን ነው። ኩሬውን ሲያፈስሱ ውሃው ጥሬውን የሚበላ ሰላጣና ቲማቲም ላይ ሳይሆን ዛፍ ወይም የከብት መኖ ሣር ላይ ይፍሰስ።